ቡላ አላበደም፣ ሳፋ ፈርቶ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም፣ ጋዜጣችሁን ሚገዛው አባቴ ነው፣ እሱ ጨርሶ ሶፋው ላይ ሲጥለው እኔ ከስፖርቱ ጀምሬ ወደ ፊት ነው የማነበው። ሰሞኑን ስለ እብድ ውሻ በሽታ ያወጣችሁትን ጽሁፍ ሳነብ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ጽሁፉ ክፉ አይደለም፣ ውሻችሁን አስከትቡ፣ የተነከሰ ሰው ቶሎ ሀኪም ቤት ይሂድ የሚለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ምልክቶቹ የተዘረዘሩበት ቦታ ላይ "ውሃ መፍራት" የሚል አለ፣ ማነው ውሃ ሚፈራው፣ የተነከሰው ሰው ነው ወይስ ውሻው፣ እሱ አልተለየም። አንባቢ ደሞ ድሮ የሰማውን ነው የሚያነበው። እቺ ሁለት ቃል በኛ ሰፈር አንድ ውሻ ልታስገድል ነበር፣ የኔን ውሻ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ውሻውን ያገኘሁት ከጓደኛዬ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶት አራተኛ ፎቅ ሲገባ ይዞት መውጣት አልሆነለትም፣ "ጎዳና ላይ ከምለቀው አንተ ጋ ይሁን" ብሎ በገመድ እየጎተተ አመጣልኝ። ያኔ አንድ አመት አልሞላውም፣ የሀበሻ ውሻ ነው፣ አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ ወድቆ የቀረ፣ መልኩ ልክ እንደ ቡላ ገንፎ ስለሆነ እናቴ ገና ከበር ሲገባ ቡላ አለችው፣ በዛው ቀረ።

ነሐሴ ላይ ነበር። ግቢው ጭቃ፣ ውሻው ጭቃ፣ በረንዳው ላይ የእግሩ ዳና። እናቴ "ይሄ ውሻ ወይ ይታጠባል ወይ ይወጣል" አለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ተነሳን። ሲሚንቶው ላይ ካለው የቧንቧ ብረት ጋር በሰንሰለት አሰርነው፣ እንዳይፈናጠር ብለን አሳጥረን፣ ከዛ ከበርሜል በባልዲ ቀዳን። ያ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ውጪ ያደረ ነው፣ የነሐሴ ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ጣት ይቆረጥማል። ወንድሜ ባልዲውን አንስቶ ከአናቱ ላይ አንዴ ደፋበት። ከዛ የልብስ ዱቄት ሳሙና ነሰነስንበት፣ ከዛ በልብስ ብሩሽ ፈተግነው፣ ከዛ ሁለተኛ ባልዲ። ሳሙናው አይኑ ገባ፣ እግሩ ሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተተ በተንሸራተተ ቁጥር ሰንሰለቱ ያንቀዋል፣ ጩኸቱ የውሻ ጩኸት አይመስልም ነበር፣ ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠላጥሎ "ምን እያደረጋችሁት ነው" እስኪል ድረስ። እኛ ደሞ እንስቃለን። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ከዛ ቀን በኋላ የበርሜሉ ክዳን ድምጽ ከተሰማ ቡላ የለም። የአባቴ ቪትዝ ስር ገብቶ እስከ ማታ አይወጣም። እናቴ ለቡና ውሃ ልትቀዳ ክዳኑን ስታነሳ እንኳን ይጠፋል። ሰማያዊውን ሳፋ ካየ ጭራው ሆዱ ስር ይገባል። ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ላይ ፓቭሎቭ ስለሚባለው ሩሲያዊ ተምረናል አይደል፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው፣ ውሾቹ ምግብ ሳያዩ ምልክቱን ብቻ ሰምተው ለሃጫቸው ሚመጣ። እኔ ያንን ተምሬ ፈተና ላይ መልሼ፣ ቤቴ ውስጥ ደሞ የበርሜል ክዳን ለውሻ የመከራ ደወል አድርጌ ቀጥሬ አላወቅኩም ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ ለጥምቀት ዋዜማ ነው። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ግቢው ሲጸዳ ቡላም ይጽዳ ተባለ። መኪናው ስር ገብቷል። እኔ በደረቴ ተኝቼ "ና ቡላ፣ ና" እላለሁ፣ እሱ ያዛጋል። አፍንጫውን በምላሱ ይልሳል፣ ደግሞ ያዛጋል። እንቅልፉ መጥቷል አልኩ! አይኑን አዙሮ ነጩን እያሳየኝ በጎን ያየኛል፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተለጥፈዋል፣ በቃ ድንጋይ ሆኖ ቀረ፣ እኔ ተረጋጋ ብዬ እጄን ሰድጄ በማጅራቱ ሳብኩት፣ ነከሰኝ። አውራ ጣቴና መሃል ጣቴ መካከል፣ ሁለት ቀዳዳ።

ለካ ያ ሁሉ ማዛጋት፣ ያ ሁሉ መላስ "ተወኝ፣ እባክህ ተወኝ" ማለት ነው። ውሻ ከመንከሱ በፊት ብዙ ይናገራል፣ እኛ ነን ማናዳምጠው። ማጉረምረም እንኳን ጥሩ ነገር ነው፣ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ያጉረመረመን ውሻ የምትመታ ከሆነ በሚቀጥለው ሳያጉረመርም ነው ሚነክስህ።

እንግዲህ ወሬው በግማሽ ሰአት ሰፈሩን አዳረሰ። የጎረቤታችን ጋሼ፣ በሌላው ነገር ሁሉ ሚከበሩ ሰው ናቸው፣ መጥተው ቆሙና "ውሃ ሲያይ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጩን ያዝረከርካል፣ አሁን ደሞ ነከሰ፣ ሌላ ምን ትጠብቃላችሁ? አብዷል። ስጋ ውስጥ አድርገን ብንገላግለው ለሱም ጽድቅ ነው" አሉ። ሌሎቹም አዎ አዎ። "ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል" የማይል አንድ ሰው አልነበረም። እናቴ ብቻ ክትባት ወረቀቱን ይዛ ወጥታ "ጋሼ፣ ይሄ ውሻ ከተከተበ ገና ሶስት ወሩ ነው፣ ልጄን የነከሰው ልጄ ስለጎተተው ነው" አለቻቸው። እሷ ባትኖር ዛሬ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

እኔ እጄን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ታጠብኩ፣ እሱ ነው የሚባለው፣ 15 ደቂቃ፣ በሰአት ይዛችሁ ሞክሩት በጣም ረጅም ነው፣ ከዛ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ውሻው ክትባት አለው፣ ግቢ ውስጥም ነው፣ እና 10 ቀን አስራችሁ ጠብቁት፣ ጸባዩ ከተለወጠ ወይ ከሞተ ወዲያው ኑ አሉኝ። ባለቤት የሌለው ውሻ ነክሷችሁ ከሆነ ግን መጠበቅ ሚባል ነገር የለም፣ በዛው ቀን ክትባቱን ጀምሩ፣ ጠበል ምትሄዱም ሂዱ፣ መጀመሪያ ግን ክትባቱ፣ ምክንያቱም ይሄ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሚመልሰው የለም። በዚህ በኩል ከጽሁፋችሁ ጋር አንድ ነን።

በአስራ አንደኛው ቀን ቡላ እየበላ እየጠጣ፣ ከድመቷ ጋር እየተጣላ፣ ደህና ነው። የእንስሳት ሀኪም ጋ ወሰድኩት። ሀኪሙ የጋሼን ነገር ስነግረው ሳቀና ያስረዳኝ ነገር ነው ይሄን ሁሉ ሚያስጽፈኝ። ውሃ መፍራት ሚባለው በዋናነት የሰው ምልክት ነው። በሽታው የያዘው ሰው ሊጠጣ ሲሞክር የጉሮሮው ጡንቻ በሀይል ይኮማተራል፣ ስቃዩ ስለሚብስ ውሃ ሲያይም ይደነግጣል። ውሻ ላይ ሚታየው ሌላ ነው፣ መንጋጋውና ጉሮሮው ሽባ እየሆነ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ሚዝረከረከው ለዛ ነው፣ ድምጹ ይለወጣል፣ ጸባዩ ይገለበጣል፣ ያልነኩትን ሁሉ ይነክሳል፣ ወይ ደሞ ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል። "ያበደ ውሻ ወንዝ ተሻግሮ መጥቶ ሊነክስህ ይችላል፣ ውሃ ፈርቶ አይቆምልህም" አለኝ። ገባችሁ አይደል አደጋው በሁለት በኩል እንደሆነ? መታጠብ የፈራው ጤነኛ ውሻ በመርዝ ይሞታል፣ ውሃ የጠጣው የታመመ ውሻ ደሞ "ኧረ ይሄማ ጤነኛ ነው" ተብሎ ልጆች መሃል ይቀመጣል።

እሺ፣ ቡላ አላበደም። ግን አሁንም ይሸታል። አሁንም መታጠብ አለበት። ከዚህ በኋላ ያለው ወደ ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ የማወራውም ስለሱ ነው፣ ምክንያቱም እንደኔ ውሻውን አንቆ ሚያጥብ ሰው ሰፈሩ ሁሉ ነው።

ሀኪሙ መጀመሪያ ያለኝ ነገር "ውሃውን እርሳው፣ ቦታውን ቀይር" ነው። ቧንቧው ጋ ያለው ሲሚንቶ ለሱ የመታነቂያ ቦታ ነው፣ እዛ ምንም ብታደርግ አይሰማህም። ስለዚህ ማድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችውን ጸሀይ ሚመታት ቦታ መረጥኩ፣ እሱ ራሱ ቀን ቀን ሚተኛባት። ሳፋውን አምጥቼ ደፍቼ አስቀመጥኩት፣ ባዶውን፣ ውሃ የለ ምን የለ። ከስጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ለምኜ ቀቅዬ በትንንሹ ከትፌ ሳፋው ዙሪያ በተንኩና ሄጄ በረንዳው ላይ ስልኬን እያየሁ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቀን አልመጣም፣ ስጋውን ድመቷ በላችው። ሁለተኛው ቀን መጣ፣ ግን እንዴት እንደመጣ ብታዩት፣ አንገቱ እንደ ሰጎን ተመዝዞ፣ የፊት እግሮቹ ተዘርግተው፣ የኋላ እግሮቹ ግን ለሩጫ ተዘጋጅተው ቀርተዋል፣ ግማሹ ውሻ እየበላ ግማሹ እየሸሸ። አንዷን አፈፍ አድርጎ እስከ በሩ ሮጠ። ከዛ ደሞ ተመለሰ።

በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን የኋላ እግሮቹም አብረው መጡ። ያኔ ሳፋውን ገለበጥኩትና ስጋውን ውስጡ አደረግኩ። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ፣ ቸኮልኩ። አንዱን የፊት እግሩን ሲያስገባ የሳፋው ወለል ላስቲክ ስለሆነ አንሸራተተው፣ ሳፋው ድምም አለ፣ በቃ ቪትዙ ስር። እንደገና ከዜሮ ጀመርን። መንሸራተት ለውሻ ትልቅ ነገር እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፣ እግሩ ስር ያለው መሬት ካልታመነ ሌላውን ምንም አያምንም። ባዶ ማዳበሪያ አጥፌ ሳፋው ውስጥ አነጠፍኩ፣ ከላይ ደሞ ያረጀ ፎጣ። ሻወር ቤት ውስጥ ሴራሚክ ላይ ምታጥቡ ሰዎች ይሄን ብቻ አድርጉ፣ ፎጣ አንጥፉ፣ ግማሹ ጭንቀቱ ይቀራል።

ከዛ የበርሜሉ ክዳን። ይሄ ከባዱ ነበር። ወንድሜን ከግቢው ሌላ ጫፍ አቁሜ ክዳኑን በጣም ቀስ አድርጎ እንዲነካው፣ ኳ እንዲል ብቻ፣ እኔ ጋ ደሞ ድምጹ እንደተሰማ ወዲያው ስጋ። ኳ፣ ስጋ። ኳ፣ ስጋ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፣ ስጋው ቀድሞ ከመጣ ስጋው ራሱ አጠራጣሪ ይሆናል፣ "ስጋ ሰጠኝ፣ አሁን ምን ሊያደርገኝ ነው" ይላል። ሰው ሁሉ በስጋ አታሎ አንቆ ነው ሚያጥበው አይደል? አንዴ እንደዛ ካረጋችሁት ስጋውንም ሳፋውንም እናንተንም አንድ ላይ ነው ሚጠላው። የውሻ ጆሮ ደሞ ከኛ ጋር አይገናኝም፣ የሰው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፣ የውሻ 45,000 አካባቢ ይደርሳል ይባላል፣ እኛ ጭራሽ ማንሰማው ቀጭን ድምጽ ለሱ ይሰማል። ስለዚህ የውሃ ጎማ የተባለውን ነገር ተዉት፣ ያ ሹሹሹ ሚለው ድምጽ ራሱ በቂ ነው ለማስበርገግ። መቼም እኛ ሰፈር ውሃ ሚመጣው በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለቴ ሌሊት፣ ጎማው የጌጥ ነው። ይሄ ችግር ለአንድ ውሻ ጠቅሞ ያየሁት አሁን ነው፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና አንድ ጆግ ቡላን ጭንቅላቱ ቀርቶ ጭራውም ሳይቀር አጥቦ ይተርፋል።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን። አንዱን ጀሪካን ጸሀይ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከዛ በማንቆርቆሪያ ፈልቶ በጨመርኩት አለሳልሰዋለሁ፣ እናቶቻችን ህጻን ሲያጥቡ በክርናቸው እንደሚሞክሩት በክርኔ እሞክራለሁ። የውሻ ሰውነት ከኛ ይሞቃል፣ 38 ከምናምን እስከ 39 ዲግሪ ነው ጤነኛ ሲሆን፣ ግን ሙቅ ውሃ ይወዳል ማለት አይደለም፣ ለእጅ ቀዝቃዛም ትኩስም ያልሆነ፣ እንደሱ። ሰአቱ ደሞ ከ5 ሰአት እስከ 7 ሰአት፣ ጸሀዩ ሳይሄድ እንዲደርቅ፣ ማታ እርጥቡን ውጪ ካደረ ሌላ ጣጣ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ሚባል ጨርቅ ብቻ ነው፣ ጨርቅ ነክሬ ጨምቄ ጀርባውን አንዴ ጠረግ፣ ስጋ፣ በቃ ሂድ። ሚገርመው ነገር ሂድ ስለው አልሄደም፣ "አለቀ እንዴ" ብሎ አየኝ። ሁሌ እሱ ከመሰልቸቱ በፊት እኔ ማቆም አለብኝ፣ ይሄን ነው ሰው ማይችለው፣ "አሁን ተረጋግቷል፣ በዚሁ ጨርሰን እንጠበው" ይላል፣ እኔም ሁለቴ ብዬ ሁለቴም ተበላሽቶብኛል። ከዛ ጆግ፣ ግን ጆጉን ከፍ አድርጎ ማፍሰስ የለም፣ የጆጉን አፍ ከጸጉሩ ጋር አስጠግቶ፣ መጀመሪያ እጄን ጀርባው ላይ አኑሬ ውሃው በእጄ ላይ አልፎ እንዲነካው። ከትከሻው ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ከዛ ሆዱ፣ እግሩ። ፊቱን ውሃ አላፈስበትም፣ እስከ ዛሬ፣ በጨርቅ ነው ምጠርገው፣ ጆሮው ላይ ትንሽ ጥጥ ጣል አደርጋለሁ ስጨርስ አወጣዋለሁ (አንዴ አንዱን ረስቼው ማታ ራሱ አራግፎ አወጣው)። ሰውነቱን ሲያራግፍ አልከለክለውም፣ ግድግዳውም እኔም እንረጥባለን፣ ምን ይሆናል።

ሲንቀጠቀጥ አባብለዋለሁ። "ካባበልከው ፍርሃቱን ታስለምደዋለህ" ሚሉ ሰዎች አሉ፣ ልክ አይደለም፣ ፍርሃት ስሜት ነው፣ ጸባይ አይደለም፣ በማባበል አይጨምርም። ሚጨምረው ጩኸትና ሰው ብዛት ነው። ስለዚህ አጣቢው አንድ ሰው፣ ልጆች ከግቢ ይውጡ፣ ወንድሜም ይውጣ፣ እናቴ ብቻ ማድ ቤት ውስጥ ሬዲዮኗን ዝቅ አድርጋ ሽንኩርቷን ትከትፋለች። ነክሶ ሚያውቅ ውሻ ያላችሁ ደሞ ጀግና አትሁኑ፣ ሀኪሙ ጋ የአፍ መሸፈኛ አለ፣ ግን እሱንም እንደ ሳፋው ቀስ በቀስ በስጋ ነው ሚለመደው፣ በእለቱ አምጥቶ ጭንቅላቱ ላይ መከተት ያው ሰንሰለቱ ነው። አፉን በገመድ ማሰር ግን አይሆንም፣ ውሻ ሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ ማለክለክ ከተከለከለ ይታፈናል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ይሄን ሁሉ በቪዲዮ እያየች ስቃ ልትሞት ነው። እዛ በመኪና ቤት ድረስ መጥተው ውሻ ሚያጥቡ አሉ፣ መኪናው ውስጥ ገንዳ አለው፣ ሙቅ ውሃ አለው፣ ጸጉር ማድረቂያ አለው። "እዚህ ሰው ለራሱ ጸጉር ሚከፍለውን ያህል ለውሻ ይከፍላል" ትላለች። አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ከሷ ተማርኩ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ግድግዳው ላይ በውሻው አፍ ልክ ቀብተህ እሱ ሲልስ አንተ እጠብ። ሞከርኩት፣ ሳፋውን ግድግዳው ስር አስጠግቼ አንድ ማንኪያ ቀባሁ፣ ቡላ አይኑን ጨፍኖ ሲልስ ጀርባው መቼ እንደረጠበ አላወቀም። መላስ ራሱ ያረጋጋዋል ይባላል። ከውጪ ሚመጣ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ከኋላው ያለውን አንብቡ፣ ዛይሊቶል ሚባል ስኳር የሚተካ ነገር ያለበት አለ፣ እሱ ለሰው ምንም አይል፣ ውሻ ግን ይገድላል። እዚሁ ተቆልቶ የተፈጨው፣ ኦቾሎኒ ብቻ የሆነው፣ ይሻላል።

ሳሙናውን በተመለከተ አጭር ነው ምለው። የልብስ ዱቄት፣ በረኪና፣ የእቃ ፈሳሽ፣ አይሆንም። የሰው ቆዳ ወደ አሲድ ያደላል፣ የውሻ ወደ መሃል ነው፣ ለኛ የተሰራው ለሱ ያደርቀዋል፣ ያሳክከዋል፣ ካሳከከው በሚቀጥለው ጊዜ ሳፋ ያየ ቀን ያንን ነው ሚያስታውሰው። የውሻ ሻምፑ ዋጋው አይቀመስም፣ እኔ ሀኪሙ እንዳለኝ ሽታ የሌለው የህጻን ሻምፑ በውሃ አቅጥኜ ነው፣ በወር ከአንዴ በላይም አላጥበውም፣ ካልቆሸሸ በሁለት ወርም ይበቃል። ለመዥገርና ለቁንጫ ብላችሁ ላምባ ወይ ናፍጣ ምትቀቡ፣ ለእከክ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ወይ ለበግና ለከብት ሚረጨውን ዲያዚኖን በግምት በጥብጣችሁ ምታጥቡ ሰዎች ግን፣ ኧረ በፈጠራችሁ። ውሻ ሰውነቱን ይልሳል እኮ። ለሃጩ እየወረደ ተንቀጥቅጦ ሲወድቅ ደሞ ሰፈሩ "አብዷል" ይላል፣ እዛው ተመልሰን ገባን ማለት ነው።

አውቃለሁ፣ "ሰው ሚጠጣው ውሃ አጥቶ አንተ ውሻ ታጥባለህ" ሚል አለ፣ እናቴም ብላኛለች። ጎረቤት ውስጥ በሃይማኖቱ ምክንያት ውሻ እንዲጠጋው ማይፈልግ አለ፣ አከብረዋለሁ፣ ለዛም ነው ንጹህና ጸባየኛ እንዲሆን ምፈልገው። ግን ነገሩ የቅንጦት ከመሰላችሁ አንድ ነገር ልበል፣ በዚህ ከተማ ግቢ ውስጥ ብዙ ውሻ ሚያጥበው ማነው? ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ "ሂድና ውሻውን እጠብ" ተብሎ ሚላከው የአስር አመት ልጅ ነው፣ ሰንሰለት ይዞ፣ ፊቱ ከውሻው አፍ ጋር እኩል ሆኖ። እኔ ላይ የደረሰው እጄ ላይ ሁለት ቀዳዳ ነው፣ እሱ ላይ ቢደርስ ፊቱ ላይ ነው።

እና ምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ነው። ያቺን "ውሃ መፍራት" የምትል ነገር በሚቀጥለው እትም አንድ መስመር ጨምራችሁ አስተካክሉልን፣ የሰው ምልክት ነው በሉ፣ ሚታጠብበትን ሳፋ ሲያይ ሚሸሽ ውሻ ሁሉ አላበደም በሉ። ሴፕቴምበር 28፣ በኛ መስከረም 18፣ የአለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው፣ ያኔ መቼም መጻፋችሁ አይቀርም፣ ያኔም ቢሆን ድገሙት። ጋሼ ጋዜጣችሁን ያነባሉ፣ ከእኔ ካልሰሙት ከናንተ ይሰሙታል።

ቡላን ያላችሁ እንደሆነ ደህና ነው። የበርሜሉ ክዳን አሁንም ሲወድቅ ይበረግጋል፣ እሱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ሶስት እርምጃ ሮጦ ዞሮ ያየኛል፣ ስጋ አለ ወይ ብሎ። ባለፈው እሁድ እናቴ ጋቢ ልታጥብ ሰማያዊውን ሳፋ ጸሀይዋ ጋ አውጥታ፣ ጋቢውን በሳሙና ዘፍዝፋ፣ ስልክ ተደውሎላት ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ቡላ ጭቃ በጭቃ የሆኑ ሁለት የፊት እግሮቹን ነጩ ጋቢ ላይ አኑሮ፣ ቆሞ፣ ግድግዳውን እያየ የኦቾሎኒ ቅቤውን ይጠብቃል።

አንባቢያችሁ፣ ከላፍቶ